ዓይን ሳይጨፍኑ ቀልብን መሰብሰብ፦ ክፉ ቀን ላለፈባቸው የጎንደር ተማሪዎች

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጭንቀትን ስለመቋቋም በተሰጠ አንድ ስልጠና ላይ ተቀምጬ ነበር። አሰልጣኙ "ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ትንፋሻችሁን ብቻ አዳምጡ" አለን። ጨፈንን። ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ አጠገቤ የነበረች ልጅ ወንበሯን ገፍታ ወጣች። ተከትያት ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። "ስጨፍን እዚያው ተመለስኩ" አለችኝ። ወዴት ብዬ አልጠየቅኋትም። በዚያ ዓመት ጎንደር ለትምህርት የመጡ ብዙ ልጆች "እዚያ" የሚሉት ቦታ ነበራቸው።

አሰልጣኙ ክፉ አስቦ አይደለም። ያስተማረን ነገር ብዙ ሰው ይጠቅማል። ለእሷ ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ነበር። ጦርነት፣ መፈናቀል፣ እገታ፣ መደፈር ወይም የቤተሰብ ሞት ያየ ሰው ቀልቡን መሰብሰብ የሚጀምረው ከውስጥ ሳይሆን ከውጭ ነው። ከእግር፣ ከዓይን፣ ከእጅ። ወደ ውስጥ የሚገባው በኋላ ነው፤ እሱም ከተመቸው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ያቺን ልጅ እያሰብኩ ነው።

ቀልብ ማለት

ማይንድፉልነስ የሚለው ቃል ከሩቅ አገር የመጣ ነገር ይመስላል። ቋንቋችን ግን ነገሩን ያውቀዋል። ሰው ክፉኛ ሲደነግጥ "ቀልቤ ተገፈፈ" ይላል። እናት ልጇን "ቀልብህን ሰብስብ!" ትላለች። ማይንድፉልነስ የተበተነን ቀልብ አሁን ወዳለንበት ቦታና ሰዓት መመለስ ነው። ያገኘነውንም ነገር ጥሩ ነው መጥፎ ነው ሳንል ማየት።

በህክምናው ዓለም እንዲታወቅ ያደረገው ጆን ካባት ዚን የሚባል አሜሪካዊ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ 8 ሳምንት የሚወስደውን ስልጠና ጀመረ። መጀመሪያ ወደ እሱ የተላኩት በአብዛኛው በማይለቅ ህመም የሚሰቃዩ ሰዎች ነበሩ። ጋደም ብሎ መላ ሰውነትን ከእግር ጣት እስከ ራስ ቅል በሀሳብ ማሰስ የስልጠናው አንድ ክፍል ነው። እስከ 45 ደቂቃ ይወስዳል። የወገብ ህመም ላለበት ሰው ጥሩ ነው። ሰውነቷ ላይ በደል ለተፈጸመባት ልጅ ግን ቁስል መነካካት ሊሆንባት ይችላል። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ ያገኛችሁትን የግማሽ ሰዓት ቪዲዮ ዛሬውኑ አትጀምሩት።

"እባብ ያየ በልጥ በረየ" ይባል የለ? ነገሩ እሱ ነው። አእምሯችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባል አደጋን የሚጠብቅ ክፍል አለ። እንደ ግቢ ዘበኛ ቁጠሩት። ከባድ አደጋ ካለፈ በኋላ ይህ ዘበኛ እንቅልፍ ያጣል። በር ሲጋጭ፣ ጭስ ሲሸት፣ ሰው ከኋላ ሲመጣ "መጣ!" ብሎ ይጮኻል። ልብ ይደልቃል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ጉሮሮ ይደርቃል። ይህ እብደት አይደለም። የእምነት ማነስም አይደለም። ያን ቀን ነፍሳችሁን ያተረፈው ዘበኛ አደጋው ማለፉን ገና አላመነም። ከዚህ በታች ያሉት ልምምዶች ሁሉ ስራቸው አንድ ነው፤ ማለፉን ቀስ አድርጎ ለእሱ ማሳየት።

ከመጀመራችሁ በፊት

ክፉ ነገር ያየ ሁሉ አይታመምም። አብዛኛው ሰው ጊዜና አይዞህ የሚለው ወገን ካገኘ እያደር ያገግማል። ነገሩ ዛሬ የሚሆን ያህል እየተመላለሰባችሁ ነው? በቅዠት ትባንናላችሁ? መንገዱን፣ ሰዉን፣ ወሬውን ትሸሻላችሁ? በትንሽ ድምፅ ትበረግጋላችሁ? ይህ ከ1 ወር በላይ ከቆየና ትምህርታችሁን ወይም ኑሯችሁን ካወከ ባለሙያ ማየት ያስፈልጋል። ልምምዱ ከህክምናው ጎን የሚሄድ እንጂ በህክምናው ቦታ የሚተካ አይደለም።

ብቻችሁን እንዳትጀምሩ የምለምናችሁ ሰዎች አላችሁ። ራሳችሁን ማጥፋት የምታስቡ ከሆነ ይህን ጽሁፍ አስቀምጡትና አሁኑኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ። ከዚያ አብራችሁ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ በዚያ ሰዓት ብቻችሁን አትሁኑ። ሰው የማይሰማውን ድምፅ የምትሰሙ፣ ወይም ሰዓታት አልፈው የት እንደነበራችሁ የማታስታውሱ ከሆነም መጀመሪያ ሀኪም ጋ። አደጋው ገና ያላለፈባችሁም አላችሁ፤ ለምሳሌ የሚከታተላችሁና የሚያስፈራራችሁ ሰው ካለ። ያኔ ዘበኛው የሚጮኸው በእውነት ነው። መጀመሪያ ከአደጋው የምትርቁበትን መንገድ ፈልጉ፤ እውነተኛን አደጋ በትንፋሽ ልምምድ ማባረር አይቻልም።

1ኛ ደረጃ፦ ቦታ ምረጡ

ጀርባችሁ ግድግዳ የሚነካበት፣ በሩ የሚታያችሁ፣ ስትፈልጉ ተነስታችሁ የምትወጡበት ቦታ። ሶስቱ ከተሟሉ ይበቃል። ዶርም ውስጥ የታችኛው አልጋ ከላይኛው ይሻላል፤ እግር መሬት ይነካልና። ላይብረሪ ውስጥ ጥግ ያለው ወንበር ጥሩ ነው።

ከግቢ መውጣት ለሚቀናችሁ ጎንደር በዚህ ታድላለች። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ በጽድ ዛፍ የተከበበ ነው። ቅጥሩ ድንጋይ ነው፣ መግቢያው ይታያል፣ ሰውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ቁስቋምም እንዲሁ ጸጥ ያለች ናት። በቀን ሂዱ፤ ከሰው ጋር ሂዱ። ብቻ ወደ ጭር ያለ ኮረብታ መውጣት ለዘበኛው እረፍት አይሰጠውም፤ ለእናንተም አይመከርም።

2ኛ ደረጃ፦ 1 ደቂቃ

ለመጀመሪያው ሳምንት 1 ደቂቃ ብቻ፣ በቀን 3 ጊዜ። አንሷል ትሉ ይሆናል። አላነሰም። ብዙ ልጆች መጀመሪያ ቀን 20 ደቂቃ ተቀምጠው፣ ትዝታው ወርሮአቸው፣ "ለእኔ አይሆንም" ብለው ሲተዉት አይቻለሁ። በሁለተኛው ሳምንት 2 ደቂቃ፣ በሦስተኛው 3 እያላችሁ ጨምሩ። 10 ደቂቃ ላይ ስትደርሱ እዚያው ብትቆዩም ይበቃል።

ከለመዳችሁት ነገር ጋር አያይዙት። ጠዋት ፊት ስትታጠቡ፣ ካፌ ሰልፍ ላይ ስትቆሙ፣ ማታ ጫማ ስታወልቁ። ዓይናችሁን አትጨፍኑ። ፊት ለፊታችሁ ካለ አንድ ነገር ላይ ዝቅ አድርጋችሁ አሳርፉት። በማንኛውም ሰከንድ ማቆም መብታችሁ ነው። ክፉ ነገር የደረሰበት ሰው በዚያ ቀን ምርጫ አልነበረውም። እዚህ ግን አለው፤ ለእኔ የልምምዱ ግማሽ ይህ ነው።

3ኛ ደረጃ፦ እግር

ተቀምጣችሁ ሁለቱንም እግር መሬት ላይ አድርጉ። ተረከዛችሁን ወደ ታች ተጫኑ፣ ልቀቁ። እንደገና ተጫኑ፣ ልቀቁ። ወለሉ ይቀዘቅዛል? ይሻክራል? ጫማው የት ጋ ይጠብባችኋል? ሀሳባችሁ ሲሄድ (መሄዱ አይቀርም) ሳትቆጡ ወደ ተረከዛችሁ መልሱት። መመለሱ ነው ልምምዱ። አስር ጊዜ ከሄደ አስር ጊዜ መመለስ ነው።

ቆማችሁ ከሆነ እጃችሁን ግድግዳ ላይ አሳርፉ። የፋሲል ግንብን ድንጋይ በመዳፋችሁ ነክታችሁ ታውቃላችሁ? ፀሐይ ያረፈበት ወገን ይሞቃል፣ ጥላው ወገን ይቀዘቅዛል፣ በድንጋዮቹ መሀል ያለው ኖራ ደግሞ ለጣት ሌላ ነው። ከ300 ዓመት በላይ የቆመ ነገር ነው። እጅ እንዲህ ያለውን ልዩነት ሲፈልግ አእምሮ አሁን ላይ ይሆናል። ግንቡ ሩቅ ከሆነባችሁ በኪሳችሁ ጠጠር ያዙ። ክላስ ውስጥ ማንም ሳያያችሁ ትዳስሱታላችሁ።

4ኛ ደረጃ፦ ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ

አንገታችሁን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙሩ። ክፍሉን እዩት። ከዚያ የምታዩትን 5 ነገር በልባችሁ ስም ጥሩ። የምትነኩትን 4፣ የምትሰሙትን 3፣ የምታሸቱትን 2፣ የምትቀምሱትን 1።

በአብዛኛው ሰው የሚቸገረው ሽታ ላይ ነው። እኛ አገር ግን ሽታ ሞልቷል። ቡና ሲቆላ፣ እጣን ሲጨስ፣ የባህር ዛፍ ቅጠል በጣት ሲታሽ፣ ክረምት ሲገባ የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን ሲመታ። ቡና የሚያፈሉ ጎረቤት ካሉ "እማማ፣ ቁጭ ልበል?" ብሎ መጠጋት ነው። ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ራሱ ቀልብ ይሰበስባል። ሰው አለ፣ እሳት አለ፣ ማንም አይቸኩልም። አንድ ነገር ልጨምር። ልባችሁ ቶሎ የሚደልቅ ከሆነ ሽታውን ጠግቡ፣ ስኒውን ግን ቀንሱ። ቡና የልብ ምት ይጨምራል፤ ዘበኛው ደግሞ የልብ ምትንና ፍርሃትን አይለይም። ለጥናት ተብሎ የሚቃመው ጫት ደግሞ እንቅልፉን ነጥቆ ማግስቱን ጭንቀት ይተካል። ይህን የምለው ለመስበክ አይደለም፤ የተዉ ልጆች ማታቸው ሲቀየር ስላየሁ ነው።

አንዳንድ ሽታ ራሱ ክፉ ትዝታ ያመጣል። የተቃጠለ ነገር ሽታ የሚረብሻችሁ ከሆነ የቡና ቁላትን እለፉትና የሎሚ ልጣጭ ያዙ።

5ኛ ደረጃ፦ ትንፋሽ፣ ለሚስማማው ብቻ

እዚህ ጋ ቀስ በሉ። ታንቆ ለሚያውቅ፣ በጭስ ለታፈነ፣ አፉ ለታፈነ ሰው ትንፋሽን ማዳመጥ ራሱ ሊያስደነግጥ ይችላል። ከነዚህ አንዱ ከሆናችሁ ይህን ደረጃ ዝለሉት። ምንም አይጎድልባችሁም፤ ከእግርና ከዓይን ጋር መቆየት ይቻላል።

ለሚስማማው እንዲህ ነው። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አስገቡ፤ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አውጡ። መሀል ላይ አትያዙት። የሚወጣው ከሚገባው መርዘሙ ነው ቁም ነገሩ። አየር ቀስ ብሎ ሲወጣ ሰውነትን የሚያረጋጋው ነርቭ የልብን ምት ዝቅ ያደርጋል። 5 ጊዜ ይበቃል። "በጥልቀት ተንፍስ" የሚለውን ምክር ግን ተጠንቀቁ። ደጋግሞ በኃይል መሳብ ራስ ያዞራል፣ ጣት ያደነዝዛል፤ የደነገጠ ሰው ይባስ ይደነግጣል።

መቁጠር ካስጠላችሁ አንጎራጉሩ። አፍ ገጥሞ "እምምም" ማለት ሳይታሰብ ትንፋሽን ያረዝማል። ቅዳሴ የለመደ የሚያውቀውን ዜማ፣ መንዙማ የለመደ መንዙማውን፣ ሌላውም የሚወደውን ዘፈን። ሻወር ቤት ውስጥ ማንም ምን ሆንክ አይላችሁም።

6ኛ ደረጃ፦ ትዝታው ሲመጣ

ይመጣል። ሲመጣ ሁለት መልክ አለው። አንዱ ይግላል፤ ልብ ይሮጣል፣ ሰውነት ይንቀጠቀጣል። ሌላው ይቀዘቅዛል፤ ሰውነት ይደነዝዛል፣ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፣ ሰው በመስታወት ውስጥ ያለ ይመስላል። ለሁለቱ መድኃኒቱ አንድ አይደለም።

ሲግል፣ ጭንቀታችሁን ከ0 እስከ 10 መዝኑት። ከ6 በላይ ከሆነ ልምምዱን አቁሙ። ተነሱ፣ ፊታችሁን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ፣ መስኮት ክፈቱ። ከዚያ ጮክ ብላችሁ እንዲህ በሉ፦ "ይህ ትዝታ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ያለሁት ማራኪ ግቢ ነው። በሩ ክፍት ነው።" ቀኑንና ቦታውን የራሳችሁን አድርጉት። ትዝታ የያዘው ሰው ቀን ይጠፋበታል፤ ቀኑን በድምፅ መጥራት መልሶ ያቆመዋል። ይህን ዓረፍተ ነገር በወረቀት ጽፋችሁ ከመታወቂያችሁ ጀርባ አስቀምጡት። በዚያ ሰዓት ማስታወስ ያቅታል።

ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቁጭ ብሎ መረጋጋት ይብሳል። ሰውነት መንቀሳቀስ አለበት። ግድግዳ በሁለት እጅ ግፉ። ደረጃ ውጡና ውረዱ። የጎንደር ልጅ ደግሞ እስክስታ አለው። በር ዘግታችሁ ትከሻችሁን ለ1 ደቂቃ ምቱ። ከምሬ ነው። ትከሻ፣ ደረትና ትንፋሽ አንድ ላይ ሲንቀሳቀሱ ደም ይመለሳል። አንድ ጓደኛዬ ድንዝዝ ሲለው ይህን ያደርጋል፤ "ሰውነቴ የኔ መሆኑ ትዝ ይለኛል" ይላል።

7ኛ ደረጃ፦ ሌሊት

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ዶርም ውስጥ ስድስት ሰው ተኝቶ ጮኾ መባነን ያሳፍራል። ስለዚህ ብዙዎች ላለመተኛት ይታገላሉ።

በቀን ብርሃን ከዶርም ጓደኞቻችሁ አንዱን ብቻ ምረጡ። ታሪኩን መንገር አያስፈልግም። "ሌሊት ስባንን ካየኸኝ አትንካኝ፤ ራቅ ብለህ በስሜ ጥራኝ፤ መብራት አብራ" ማለት ይበቃል። ከቅዠት የነቃ ሰው የሚነካው ማን እንደሆነ አያውቅም፤ ሊማታም ይችላል።

ስትነቁ እግራችሁን ወለሉ ላይ አድርጉ። ቀዝቃዛ ውሃ ጠጡ። 6ኛው ደረጃ ላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር በሉ። 20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ እንቅልፍ ካልመለሳችሁ አልጋው ላይ አትገላበጡ፤ ተነስታችሁ ቀለል ያለ ነገር አንብቡ። ስልክ አይሆንም። ሌሊት ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የሚዘዋወረው የጦርነት ቪዲዮ ቁስል ላይ ጨው ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወዲህ አገራችን ያየችውን ሁሉ በስልካችን ዳግመኛ ስናየው ነው የከረምነው። ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ እንዳታዩት የራሳችሁን ደንብ አውጡ።

አንድ ዓይነት ቅዠት የሚመላለስባችሁ ከሆነ በባለሙያዎች የሚታወቅ ዘዴ አለ። ቀን ላይ ቅዠቱን በአጭሩ ጻፉ። ከዚያ መጨረሻውን እንደፈለጋችሁ ቀይሩት፤ በሩ ይከፈት፣ ወንድማችሁ ይድረስ፣ ሰዎቹ ይሂዱ። አዲሱን ታሪክ በየቀኑ ለ10 ደቂቃ ያህል በዓይነ ህሊናችሁ ተመልከቱት። የከፋውን ቅዠት ግን ለብቻችሁ አትጀምሩ፤ ቀላል ከሆነው ተነሱ።

8ኛ ደረጃ፦ ለተኩስ ተዘጋጁ

በሰርግና በለቅሶ ጥይት መተኮስ በለመደ አገር ነው የምንኖረው። ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት የሰርግ ወቅት ናቸው። ያኔ የሚተኮሰው ለደስታ ነው፤ ዘበኛው ግን ይህን አያውቅም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ እኛም ድምፁን ሰምተን "የሰርግ ነው ወይስ…" ማለት ለምደናል። አስቀድማችሁ እወቁት። ሰርግ ያለበትን ቀን ጠይቁ። ስትሰሙ መጀመሪያ አካባቢውን እዩ፤ ሰው ይሮጣል ወይስ ይስቃል? ሰዉ ከረጋ እግራችሁን ተጫኑ። የጥምቀት ዕለት ፋሲለደስ መዋኛ ያለው ግፊያ ከከበዳችሁ ዳር ላይ፣ ከመውጫው ጎን ቁሙ። መቅረትም ይቻላል።

ጸሎት፣ ጸበልና መድኃኒት

ጸሎት ለብዙዎቻችን የመጀመሪያው ቀልብ መሰብሰቢያ ነው። ዳዊት መድገም፣ ዚክር ማድረግ፣ መቁጠሪያ በጣት መቁጠር ከላይ ካልኩት ጋር አይጣላም። ጸበል የምትጠመቁ ከሆነ ተጠመቁ። ሀኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት ግን በራሳችሁ አታቁሙ። ለዚህ ህመም የሚታዘዙት እንደ ሰርትራሊን ያሉት መድኃኒቶች ለመስራት ሳምንታት ይወስዳሉ፤ በድንገት ሲቋረጡም ያውካሉ። "በኃጢአትህ ነው የደረሰብህ" የሚላችሁ ካለ ግን አትስሙት። የደረሰባችሁ ሌላ ሰው ባደረገው ነው።

"ሆድ ይፍጀው" ብለን አድገናል። ሆድ ግን ይህን አይፈጨውም።

የመጨረሻው ደረጃ፦ ባለሙያ ፊት መቀመጥ

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እንደ ፈረንጆቹ በ1954 ሲጀመር የህዝብ ጤና ኮሌጅ ነበር። ዛሬም ሆስፒታሉ የዩኒቨርሲቲው ነው፤ የአእምሮ ህክምናም ይሰጣል። ከዚያ በፊት ደግሞ በግቢያችሁ የተማሪዎች ዲን ቢሮ ሄዳችሁ የምክር አገልግሎት የት እንደሚሰጥ ጠይቁ። ለምን ብለው ከጠየቋችሁ "የግል ጉዳይ ነው" ይበቃል።

መደፈር ከደረሰና ገና ቅርብ ከሆነ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያም እስከ 5 ቀን ይሰራል፤ እሱም ቶሎ ነው። ሆስፒታል ሂዱ፤ አንድ የምታምኑት ሰው አብሯችሁ ይሂድ።

ባለሙያው ፊት ሁሉንም ታሪክ በመጀመሪያው ቀን ማውራት ግዴታ አይደለም። ሰው የሚቀረው ይህን ስለሚፈራ ነው። ይህን ማለት ትችላላችሁ፦ "ከባድ ነገር ደርሶብኛል። ዝርዝሩን ዛሬ ማውራት አልችልም። አልተኛም፣ እበረግጋለሁ፣ ማጥናት አቅቶኛል። ዓይን ጨፍኖ የሚደረግ ልምምድ ይረብሸኛል።" የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትረሱ። መጀመሪያ ያገኛችሁት ሰው ካልተመቻችሁ፣ ካቻኮላችሁ ወይም "እርሳው" ካላችሁ፣ ሌላ ሰው እንዲያያችሁ ጠይቁ። ወንድ ወይም ሴት ባለሙያ መምረጥም ትችላላችሁ።

ያቺ ልጅ አሁን ተመርቃለች። ባለፈው ስትደውልልኝ ኪሷ ውስጥ ጠጠር እንዳለ ነገረችኝ። ዓይኗን ጨፍና መቀመጥ የጀመረችው ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ለ3 ደቂቃ፣ በሩ ክፍት ሆኖ።